የተገኘ ሰው ብዛት

አንገቴ ላይ ባጅ አለ፣
ከስሜ ሥር «ተለማማጅ» የሚል፤
ጽሑፉ ከስሜ ይደምቃል፣
ከሩቅ እሱ ይነበባል፣ ስሜ ሲቀርቡኝ ይታያል።

አለቃዬ አቶ እንየው ቅጽ ሰጠኝ በጠዋት፦
የዝግጅቱ ስም፣ ቦታው፣ ወጪው፣
የተከፈተ ሒሳብ፣
የተገኘ ሰው ብዛት።
የመጨረሻዋን ሳጥን በጣቱ መታ መታ አረጋት፤
«ሌላው ጌጥ ነው» አለኝ፣ «ዋናው ቢሮ የሚያያት ይቺ ናት።
ሦስት መቶ ሙይባት።»

ከፔዳ በር ተነሣሁ፣ ሙጫና ወረቀት ታቅፌ፣
የዘንባባውን ግንድ ሁሉ ቢጫ አልብሼ አልፌ፤
«ዓርብ ማታ! ጮራ ቁጠባ!
ሙዚቃ! ሽልማት! በነጻ ግባ!»
ከሐይቁ የሚነሣ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈት ነው፣
የለጠፍኩትን አንድ በአንድ ልጦ ወደ አስፋልቱ ወሰደው።
አንዱን ባጃጅ በጎማው ጠቅልሎ ይዞት ሄደ፣
አንዱ የሊስትሮ ልጅ እጅ ገብቶ ጀልባ ሆኖ ወረደ።
አንዲት ልጅ ግን ተቀበለችኝ፣
ገለበጠችው፣ ጀርባው ባዶ መሆኑን አየች፤
«ሁለት ጨምሪልኝ፣ ለሒሳብ መሥሪያ ይሆነኛል» አለች።
ጨመርኩላት። ደስ አለኝ።
በልቤ ሦስት ሰው ብዬ ቆጠርኳት።

ጋሽ አንለይ ወንበር ያከራያል፣ ነጭ ፕላስቲክ።
«የሠርግ ነው የሐዘን?» አለኝ።
«የማስተዋወቂያ» አልኩት።
አገጩን አሻሸና ትንሽ አሰበበት፤
«በሐዘን ዋጋ ይሁንልሽ፣ ይረክሳል።»

ዓርብ። አንድ ሰዓት።
ሦስት መቶ ወንበር ፊቱን ወደኔ አዙሮ ተቀምጧል፣
ከኋላው ረድፍ አንድ ዘበኛ ዱላውን አቅፎ ያንጎላጃል።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» አልኩኝ፤
ድምፄ የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ ገጭቶ
ተመለሰልኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያስከትል።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ሄደ።
ማደሪያው፣ ካፌው፣ ከአጥሩ ማዶ ከተማው ሳይቀር፣
ቀለም እንደፈሰሰበት ደብተር
ጠቆረ፣ ከኔ ሜዳ በቀር።
የኔ ጄኔሬተር ያጓራል፣
አራት አምፖል ባዶ ወንበር ላይ ያበራል።

መጀመሪያ አንዲት ልጅ መጣች፣ በነጠላ ጫማ፣
ካልኩሌተር በክንዷ ሸጉጣ።
«ይቻላል? ሰኞ ፈተና አለኝ።»
ያቺው ናት። ያቺ ሦስት ሰው።
ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ፣
ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ጥርሱን እየፋቀ የመጣ፣
ወንበር ሲያልቅ ባልዲ ገልብጦ የተቀመጠ፣
ከዘበኛው ጎን መሬት ላይ የተዘረጋ።
ባነሩን ያየ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል።

ማይኩ በእጄ ነው። አራት ደቂቃ ንግግር
በመስታወት ፊት ያጠናሁት፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤
«ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ የሚቆጥብ ነገ...»
ገጽ ሲገለበጥ ሰማሁ። ሌላ ገጽ። ሌላም።
ጣና ሌሊት ደንገሉን ሲነካ እንዲህ ያለ ድምፅ አለው።
ማይኩን አጠፋሁት፣ ቀስ ብዬ፣ «ጧ» እንዳይል፤
ሙዚቃውን ዘጋሁ፣
ስፒከሩ ላይ ተቀምጬ ናፍጣ ስጠብቅ አመሸሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሽ አንለይ ወንበሩን ሊሰበስብ መጣ።
አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ምንም ሳይል ወጣ።
በጀሪካን ናፍጣ ይዞ ተመለሰ፣
ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለና
«የሠርግ ነበር ማስከፈል የነበረብኝ» አለኝ።

ሰኞ ቅጹን ሞላሁ።
የተገኘ ሰው ብዛት፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
መሬት የተቀመጠው ሳይቆጠር።
የተከፈተ ሒሳብ፦ ዜሮ።
ከዜሮው ጎን፣ በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ፣
«የተሠራ ግን ብዙ ነው።»

አቶ እንየው አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ ደግሞ አነበበ።
መሳቢያውን ከፍቶ ላጲስ ፈለገ።
ብዙ ቆየ ሲፈልግ።
ላጲሱ ከወረቀቱ አጠገብ ነበር፣
እኔ አየዋለሁ፣
እሱም ያየዋል።